ውፍረትና ሹክሹክታ

በታይዋን ባሕር ዳር በዶንግሺ መንደር ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ኦይስተር የሚባለውን የባሕር እንስሳ ከቅርፊቱ ይፈለቅቃሉ፤ ምላሳቸው ግን ከቢላቸው ይፈጥናል። ያሊንግ ከከተማ ተድራ በመጣች ሰሞን የጎረቤቶቿ ሐሜት በግድግዳ በኩል ይሰማት ጀመር፤ ከግድግዳው ወዲያ ማንም በሌለበት ሰዓት ጭምር። ሆስፒታል ገብታ መድኃኒት ስትጀምር ድምፁ ጠፋ። በምትኩ ውፍረት መጣ። የሠርጓ ቀሚስ ይቅርና የባሏ ሱሪ እንኳ እምቢ አላት። ሐኪሙ «መድኃኒቱ ያወፍራል» ብሏት ነበር፤ እሷም ከድምፁስ ውፍረቱ ይሻለኛል ብላ መዋጧን ቀጠለች።

ታዲያ ዘንድሮ ምን መጣ? እሷ ስትደርስ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ። አማቷ እማማ ቹንማን ቢላውን ከእጇ ቀምተው «አንቺ አረፍ በይ» ይሏታል። ባሏ ሚስማር ሊመታ ቢነሳ ተቆጥተው መዶሻውን ወሰዱበት። መቀሱም የት እንደገባ እንጃ። ሰው ስለኔ እያወራ ነው ወይስ ጭንቅላቴ ነው የሚያወራው? ግራ ገባት። በሽታው ተመልሶ ከሆነ ሆስፒታል መመለሷ ነው።

በመጨረሻ አላስቻላትም፤ አማቷን ጓሮ አግኝታ ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሰዉ ስለኔ ያወራል ወይስ ለኔ ነው የሚመስለኝ?»

እማማ ቹንማን ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዝም በይ እንጂ ልጄ። እርግዝና ሦስት ወር ሳይሞላው አይወራም፣ የጽንሱ መንፈስ ይቀየማል። ስለትና ሚስማርም ያስቀይመዋል፤ ያራቅኩትስ ለሌላ መሰለሽ? ያቺ ጎረቤታችን አኩዋን እንኳ ‹የምራትሽን ሆድ አየሽው?› ስትለኝ አፏን ነው ያስያዝኳት።»

ያሊንግ እስኪገባት ቆየች። ሲገባት ሳቀች። ሰዎቹ በእርግጥ ያወሩ ነበር፤ ጭንቅላቷ ደህና ነው። እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። አማቷም ደስታዋን አይተው አብረዋት ሳቁ፣ እጃቸውንም ሆዷ ላይ አሳረፉ።

«እማማ» አለች ሳቋ እየጠፋ፣ «መድኃኒቱ ነው ያወፈረኝ። ልጅ የለም።»

እጃቸውን አላነሱም። «እና እኛ ስንንሾካሾክ ምን መስሎሽ ነበር?» አሏት።

«ያበድኩ።»

እማማ ቹንማን አለቀሱ። ያሊንግ አቅፋቸው ቆመች። የሚያለቅሱት ለሌለው የልጅ ልጅ ይሁን ለእሷ ግን አላወቀችም፤ መጠየቅም ፈራች።