የጠራው ውሃ

ቦሰና ያደገችው ጫሞ ሐይቅ ዳር ነው፤ አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ሰበታ የመጣችው ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ነበር። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ግን እሷም ተቀነሰች። አገሯ አልተመለሰችም። ከባሏ ከታመነ ጋር መክራ ከገበሬው ከኦቦ ኩምሳ ማሳ ጥግ ቦታ ተከራየች፤ ኩሬ አስቆፍራም ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ማርባት ጀመረች። «ሰበታ ላይ ዓሣ?» እያሉ የሳቁባት ብዙ ነበሩ። እሷ ኩሬዋን ከመዞር አልቦዘነችም።

መከራው የመጣው መጋቢት ላይ ነው። ዝናብ ጠፍቶ ኩሬው ጎደለ። አንድ ደመናማ ማለዳ ወጥታ ብታይ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ይጎርሳሉ። ታፍነዋል። ወንዙ ቅርብ ቢሆንም ፍሳሽ ስለሚገባበት አታምነውም። የቀረው ኦቦ ኩምሳ በቅርቡ ያስቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓድ ነው።

«ኦቦ ኩምሳ፣ ሞተሩን ያስነሱልኝ» አለች በራቸው ላይ ቆማ እያለከለከች።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ጥለው ወጡ። ቦሰና ውሃውን ከጉድጓዱ የሚያመጣውን ጎማ ጫፉን በጆንያ ጠቅልላ ከኩሬው ውሃ በታች አጋደመችው፤ ጭቃው እንዳይታወክ ብላ ነው። አባቷ «ዓሣ የሚገድለው ድፍርስ ነው» ሲሉ ትሰማ ነበር። የጉድጓዱ ውሃ ደግሞ ቀዝቃዛና ኩልል ያለ ነው። እፎይ አለች።

ብዙም ሳይቆይ ጎማው ባለበት በኩል ውሃው ቢጫ ሆነ፤ ቀጥሎ የሸክላ መልክ ያዘ። ዓሦቹ ከዚያ ጥግ ሸሹ፤ መሸሽ ያቃታቸው በጎናቸው ተንሳፈፉ። አንዱን አንሥታ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ገለጠች። ዝገት በመሰለ ለሐጭ ተለብጧል።

«መርዝ ነው?» አለ ታመነ።

«እንጃ። ያስገባሁት ግን እኔ ነኝ።»

የዓሣ ጫጩቶቹን ያቀረበችላቸው ባለሙያ ናዝራዊት ናት። ቦሰና ደጋግማ ደወለችላት፤ በመጨረሻ ስልኩ ተነሣ። ናዝራዊት ስለ ቀለሙና ስለ ስንጥቡ ጠየቀቻት።

«ብረት ነው» አለች። «ከጥልቅ የሚወጣ ውሃ አየር የለውም፤ አየር በሌለበት ደግሞ ብረት ሟሙቶ ይቀመጣል፣ ለዓይን አይታይም። አየር ሲያገኝ ይዝጋል። ሲዝግ ለዓሦቹ የቀረችውን አየር ይወስድባቸዋል።»

«ሞተሩን ላጥፋው?»

«አሁኑኑ። ከዚያ ያለው ሰው ሁሉ ገብቶ የኩሬውን ውሃ በባልዲ ወደ ላይ ይበትን። የጉድጓዱን ውሃ ዳግም ስትለቁ ከከፍታ አውርዱት፤ ዝገቱን ውጭ ጥሎ ይግባ። ፀሐይ እስክትወጣ አታቁሙ፤ ውሃው ውስጥ ያለው አረንጓዴ አልጌ አየር የሚሰጠው ብርሃን ሲያገኝ ነው።»

ታመነ እስከ ወገቡ ገባ። የኦቦ ኩምሳ ልጅ ፌኔት ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ተከተለችው። ቦሰና ከሁለቱ መሐል ቆማ ትቀዳለች፣ ትበትናለች። እያንዳንዱ ባልዲ ሲነሣ አንድ ሌላ ዓሣ ይገለበጣል። ኦቦ ኩምሳ ዳር ላይ አሮጌ ቆርቆሮ በሚስማር በስተው ወደ ኩሬው ከሚወርደው ቦይ በላይ በእንጨት ሰቀሉት።

«ክንዴ ከዳኝ» አለች ፌኔት።

«ጀባዹ፣ በርቺ» አሉ አባቷ ቀና ሳይሉ።

ማንም አልወጣም። ረፋዱ ላይ ደመናው ተገፈፈና ፀሐይ ኩሬው ላይ አረፈች። አፋቸውን ከፍተው የነበሩት ዓሦች አንድ በአንድ ወደ ታች ሰመጡ። ታመነ የሞቱ መስሎት ደነገጠ። ቦሰና ግን ጭራቸው ሲወራጭ አየች፤ ያኔ ነው ዳር ወጥታ የተቀመጠችው።

ግማሽ ያህሉ አልተረፉም። ባህር ዛፉ ሥር ሲቀብሯቸው ታመነ «የከሰርነውን ለማካካስ ወደ ቀድሞ የግንባታ ሥራዬ ብመለስ ይሻላል» አላት።

«ተመለስ። እኔ ቦዩን ጠጠር እሞላዋለሁ» አለችው።

ሞላችውም። አሁን የጉድጓዱ ውሃ በቆርቆሮው ቀዳዳ እየተንጠባጠበ ቦዩ ውስጥ ወርዶ ያድራል፤ ወደ ኩሬው የሚለቀቀው ዝገቱ ከዘቀጠ በኋላ ነው። ጠጠሩ ሲቀላ ከፌኔት ጋር ሆነው ያጥቡታል። ማለዳው ደመና ከሆነ ግን ቦሰና ኩሬውን ሳታይ እህል አይወርድላትም።