አልሰርዝም ያልኳት መስመር

ባለፈው ሳምንት ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ላይ ስወጣ አንድ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ። ጋሼ ነስሩ ናቸው፤ በሃያ ዓመቴ የጥበቃ ካሜራ እንድገጥም የቀጠሩኝ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ።

«ያ ሕንጻ ዛሬም ቆሟል» አሉኝ እየሳቁ። «አልነደደም።»

ያኔ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ አጠገብ ያለ የገበያ ሕንጻ ውስጥ ካሜራ እንዘረጋለን። ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። ቁርሳችን በር ላይ ቆመን የምንበላት ትኩስ ሳምቡሳ ነበረች፤ ዘይቱ ከንፈራችንን፣ የበርበሬው ብናኝ አፍንጫችንን ያቃጥለናል።

እነዚያ ካሜራዎች ለብቻው የተሳበ መብራት የላቸውም። ምስሉም ኤሌክትሪኩም የሚሄደው በአንድ ቀጭን የኔትወርክ ገመድ ነው። በውስጡ ያሉት ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ ሸክሙን እኩል ካልተካፈሉ አንዱ ከአቅሙ በላይ ተሸክሞ ይግላል። እኛ ደግሞ በሰፈሩ ልማድ ከሌላ ሥራ የተረፈ ቁራጭ ገመድ እየቀጠልን ነበር የምንዘረጋው። መቀጠል ሙያ ነው፤ ማንም አያፍርበትም። ግን አንዱ ሽቦ ጠብቆ መንትያው ላልቶ ሲታሰር ሸክሙ ያዘነብላል። በመለኪያ አየሁት። ጣሪያው ሥር የታሰረውን የገመድ ጥቅል በእጄ ስይዘውም ሞቋል። ከሥሩ የበርበሬ ነጋዴዋ የእትዬ ሙሉነሽ ጆንያ ተደርድሯል።

የሕንጻውን ውል እንድጽፍ ጋሼ ነስሩ ሲያዙኝ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ በጥንድ ሽቦዎች መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት ከተቀመጠው ወሰን አይለፍ፤ ካለፈ ገመዱ ያለ ቅጥያ እንደገና ይዘርጋ።

«ይህችን አውጣት» አሉ ጋሼ ነስሩ።

«ጋሼ፣ እስቲ ገመዱን ይንኩት።»

«ነካሁት። መርካቶ ውስጥ የማይሞቅ ምን አለ? ግጥምህን ቤትህ ጻፍ።»

እትዬ ሙሉነሽ ያግዙኛል ብዬ ዞር አልኩ። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ እንደያዙ «አንተ ልጅ፣ እኔን የፈጀኝ ሌባ ነው እንጂ ሽቦ አይደለም። ካሜራዬን ስቀልልኝና ከጋሼህ ጋር በኋላ ትጣላላችሁ» አሉኝ።

«ሰማህ?» አሉ ጋሼ ነስሩ። «ወይ መስመሯ ትወጣለች፣ ወይ አንተ።»

ያንን ሥራ ያገኘሁት ስንት ደጅ ጠንቼ ነው። እስክሪብቶዬን አወጣሁ። የምሰርዝ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ከመስመሯ ሥር አሰመርኩባትና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።

በጋው እስኪጋመስ ምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ ስቀጠቅጥ ከረምኩ። መስመሯን ሌላ ሰው ሰረዛት፤ ካሜራዎቹም ሠሩ። እሳት አልተነሣም። ሰፈሩም ሳቀብኝ።

ድልድዩ ጋ ጋሼ ነስሩን «ገመዱስ ቀዘቀዘ?» አልኳቸው።

«አሁን ደግሞ ማን ይነካዋል» አሉና ወደ ታክሲው ሄዱ።

ሕንጻው ነዶ ምስክር እንዲሆነኝ አልመኝም። የእትዬ ሙሉነሽ በርበሬ በሰላም ይሸጥ። ነገር ግን እስካሁን አለመንደዱ የሚያሳየው አለመንደዱን ብቻ ነው። የልጅ እልህ ነው የሚሉኝ ይበሉ። እኔ እጄ የነገረኝን ጽፌያለሁ፤ ዛሬም ያንን ውል አምጥተው ፊቴ ቢዘረጉት፣ የምጽፈው እሱኑ ነው።