ለከርሞ ነይ ያልኳት ልጅ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ የልጅ ልጅ ሶሊያና ከእናቷ ጋር ወደ ቤቴ መጣች። መዋዕለ ሕፃናት ልትመዘገብ ነው፤ እናቷ የልደት ሰርተፍኬቷን ላስቲክ አልብሳ ይዛዋለች። ስም፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ ማኅተም። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ሳገላብጠው ቆየሁና "እኛ ስንመዘግብ ወረቀቱ ጆሮ ነበር" አልኩ። እናትየው ቀልድ መስሏት ሳቀች። ሶሊያና ግን የአምስት ዓመት ሰው ናትና ቀልድና ቁም ነገር ገና አልለየችም፤ "ጆሮ እንዴት ወረቀት ይሆናል እቴቴ?" ብላ ጉልበቴ ላይ ወጣች። ራሷ ናት የምትወጣው፤ ቀኝ ትከሻዬ ከታመመ ወዲህ ልጅ አንስቼ አላቅፍም።

አስረዳኋት። ያኔ የልደት ወረቀት የያዘ ልጅ በገጠር አይገኝም ነበር፤ ወላጅም ዓመተ ምሕረት አይቆጥርም። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን እንዲነካ ይደረጋል። ከነካ ለትምህርት ደርሷል፤ ካልነካ ለከርሞ ይመጣል። በራሷ እጅ አሳየኋት። አልነካም። ተናደደችና ልትለማመድ ወደ ግቢ ወጣች። እናቷ ስልኳን ትነካካለች፤ እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለማንም ያልነገርኩትን ነገር እያሰብኩ ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፣ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ አስተማሪ ይፈለጋል። አባቴ ከጉራጌ አገር በወጣትነቱ መጥቶ ሶዶ ላይ ጨርቅና ሚስማር ሲሸጥ የኖረ ነጋዴ ነው። ወላይትኛ የተማርኩት በእሱ ሱቅ ባንኮኒ ስር ስጫወት ነው። እናም የእኔ ወላይትኛ የገበያ ወላይትኛ ነበር፤ ስለ ዋጋ ማውራት እችላለሁ፣ ስለ ልቤ ግን አልችልም። ከመምህራን ማሠልጠኛ ስወጣ የደረሰኝ ከቢጠና ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ቀበሌ ነበር። አባቴ እስከ ቦዲቲ ሸኝቶኝ ከመኪናው ሳይወርድ ተመለሰ፤ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ እንዳላይበት ይመስለኛል።

ትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ በባሕር ዛፍ ተማግሮ ጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ ክዳን። ክፍሉ ሁለት ብቻ ስለሆነ አንደኛና ሁለተኛ ጠዋት፣ ሦስተኛና አራተኛ ከሰዓት ይማራሉ። እኔ የከሰዓቶቹን ያዝኩ። ጠዋት ጠዋት ታዲያ ሥራ የለኝም። ኪራይ ቤቴ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ በእንሰቱ መሐል ነበር። ሰዉ ክፉ አልነበረም፤ ሲያገኘኝ ስለ እናቴ፣ ስለ አባቴ፣ ስለ መንገዱ ሳይቀር ይጠይቀኛል፣ ቆጮም ይልክልኛል። ግን ሰላምታው ሲያልቅ ወሬውም ያልቃል። እሑድ ቀበሌው በሙሉ ነጠላውን አጣፍቶ ጸሎት ቤቱ ይሄዳል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ደጄ ላይ ተቀምጬ ከሩቅ መዝሙራቸውን እሰማለሁ። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ሲባል ስሰማ አድጌ ትርጉሙ የገባኝ እዚያ ነው። ብቸኝነቱ ሆዴን ያመኝ ነበር፤ እውነተኛ ቁርጠት።

ሰው ባጣ የማሠልጠኛ ደብተሬን አነባለሁ። የሰው ልጅ ዕድገት የሚለውን ትምህርት በቀይና በሰማያዊ እስክርቢቶ አሳምሬ ገልብጬዋለሁ። ዕድገት ቅደም ተከተል አለው። ዕድገት ከራስ ወደ እግር፣ ከመሐል አካል ወደ ዳር ይሄዳል። ሰው ከፅንስ እስከ እርጅና በየደረጃው የየራሱ ፈተና አለው። ይህን ሁሉ በቃሌ እወጣዋለሁ። "ሁሉም ሰው በየራሱ ፍጥነት ያድጋል" የሚልም ነበረበት፤ እሱን በቀይ አላሰመርኩበትም።

በመስከረም ምዝገባ ሲጀመር ዳይሬክተራችን አቶ ሳሙኤል የእጅ ጽሑፌን አይቶ ለሥራው መረጠኝ።

"ቲቸር ብርዛፍ፣ አንቺ ትለኪያለሽ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ" አለኝ። "አግዳሚው ጥቂት ነው፣ ልጁ ብዙ። በጆሮ ነው የምንዳኘው፣ ማንም አይቀየምም።"

ዘነበችን ያየኋት ያን ቀን ነው። አባቷ አቶ ዳና፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ገበሬ፣ እጇን ይዞ ወረፋ ቆሟል። ተራው ሲደርስ ሳልጠይቀው "ዘነበች ያልናት ከትልቁ ድርቅ በኋላ ዝናቡ የተመለሰ ጊዜ ስለተወለደች ነው" አለኝ። ያንን በጣቴ ብቆጥረው ስምንት ዓመት ሊሞላት ጥቂት እንደቀራት አገኘው ነበር። ፊት ለፊት የበቀሉት ሁለት ትልልቅ አዲስ ጥርሶቿም ያንኑ ይናገሩ ነበር። እኔ ግን ጥርስ እንድቆጥር አልታዘዝኩም። እጇን በአናቷ ላይ አሳለፈች፤ ቁመቷ አጭር፣ ክንዷም አጭር ነው። ጣቷ ከጆሮዋ አንድ ጣት ያህል ሲቀረው ቆመ። ርሃብ ከራስ ይልቅ እጅና እግርን እንደሚያቀጭጭ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

"ገና ናት" አልኩ። "ለከርሞ ነይ።"

በሳምንቱ አንድ ጠዋት የጥጃ ሳር ተሸክማ ደጄ ላይ ቆመች። እኩዮቿ ክፍል ውስጥ ሲጮኹ ይሰማል። ምን እንደፈለገች ጠየቅኋት፤ ምንም አለች። ሳሩን አስቀምጣ ደፉ ላይ ተቀመጠች። በማግስቱም መጣች። ከዚያ በኋላ ያልመጣችበትን ጠዋት አላስታውስም።

ወላይትኛ ያስተማረችኝ እሷ ናት። አፏን በእጇ ሸፍና በአነጋገሬ ትስቃለች፣ ከዚያ ቃሉን ቀስ አድርጋ ትደግምልኛለች። ጆሮ ሃይታ ነው አለችኝ፤ የራሷን እየጎተተች። እኔ በፋንታዬ የትምህርት ቤቱን ፊደል በከሰል ግድግዳው ላይ ጻፍኩላት። ስምንተኛው ፊደል ላይ ስንደርስ ተውነው፤ ወሬው ይጣፍጣል። ማን ከማን እንደተጣላ፣ የትኛዋ ላም ልትወልድ እንደሆነ፣ ዱጉና ተራራ ላይ ደመና ሲቀመጥ ከሰዓት ምን እንደሚሆን ትነግረኛለች። ከሚያዝያ ጀምሮ ጎተራው ሲራቆትና የቦቆሎው እሸት ገና ሳይደርስ ድምጿ ይቀንሳል። ያኔ ስኳር ድንች እቀቅላለሁ፣ ማባያ ዳጣ አቀርባለሁ። ቀስ ብላ ትበላና ግማሹን ለታናሽ ወንድሟ ብላ በጨርቋ ጫፍ ትቋጥራለች። ወደድኳት። ጠዋት ስነቃ የመጀመሪያ ሐሳቤ የእሷ እግር ኮቴ ነበር፤ ቁርጠቱም ተወኝ።

ዓመቱ ዞረ። ቦቆሎው ተሸልቅቆ፣ ሰዉ ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ በዓል የሚታረደውን በሬ በየመንደሩ ማማረጥ ሲጀምር፣ እንደገና ለምዝገባ ጠረጴዛ ይዤ ተቀመጥኩ። አቶ ዳና እጇን ይዞ መጣ። እሷ ታጥባ፣ ቅባት ተቀብታ፣ ታበራለች። ሳልነግራት እጇን አነሳች።

ጣቷ ጆሮዋን ነካ።

የመሐል ጣቷ ጫፍ የጆሮዋ ጠርዝ ላይ አረፈ። ነካ እንጂ አልጨበጠም፤ ግን ነካ። ቀና ብላ በነዚያ ትልልቅ ጥርሶቿ ሳቀችልኝ። እኔ ደግሞ በዚያች ቅጽበት የታየኝ ባዶ ደፌ ነው። አንደኛ ክፍል ጠዋት ነው። ከሰዓት እኔ አስተምራለሁ፣ እሷ ውኃ ትቀዳለች። ጠዋቶቼ አለቁ ማለት ነው። አባቷ ከጀርባዋ በቀኝ በኩል ስለቆመ አይታየውም፤ አቶ ሳሙኤል ውስጥ አግዳሚ ይቆጥራል።

"ገና ናት" አልኩ። "ለከርሞ ነይ።"

ሳቋ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ፤ እንደሚጠፋ ያላወቀ ሳቅ ነበር። አባቷ በትከሻዋ ይዞ አዞራት። እጇን አላወረደችም። ጣቷን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች፣ በሰልፉ አጠገብ አልፋ፣ በአጥሩ በር ወጣች።

ለክፉ ሥራ ምክንያት አይጠፋም። ትንሽ ናት፣ ይገፈትሯታል አልኩ። እኔው አስተምራት የለ እንዴ አልኩ። ዘንድሮ ከስምንተኛው ፊደል እንቀጥላለን ብዬ ከቢጠና አዲስ ደብተር ሁሉ አስገዛሁላት። በማግስቱ አልመጣችም። በሦስተኛው ቀንም። ቅዳሜ መንገድ ጠይቄ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። አቶ ዳና ከጓሮ ቦዬ፣ እንደ ድንች ያለውን ሥር፣ እየቆፈረ ነበር።

"ሄዳለች" አለኝ። "ዲምቱ፣ አክስቷ ዘንድ። አክስቷ ወልዳ ልጅ የሚያዝልላት ስትፈልግ ነበር። ዓምና ትማራለች ብዬ ከልክያት ነበር።"

"እንዴት ሳይነግሩኝ?"

"ምን ልንገርሽ፣ አስተማሪ? ሁለት ጊዜ ተመለሰች። እግዚአብሔር አሳጥሮ ፈጠራት፣ ምን እናደርጋለን።"

"ይመልሷት አቶ ዳና። እኔ እመዘግባታለሁ።"

መቆፈሩን ትቶ አየኝ። "ጆሮዋን ሳትነካ?"

ሁለት ቃል ነበር የሚያስፈልገው። ነክቶ ነበር። ብናገር በሳምንቱ ትመለስ ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ሳትነካም ቢሆን" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። "አይሆንም። የሰው ልጅ በሕግ ሲመለስ የእኔ በምልጃ ሊገባ? ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን ይዘው ሲመለሱ አይተናል። እንዴት ዓይናቸውን አያለሁ?" ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከቆፈረው መሐል ትልቁን ቦዬ መርጦ አፈሩን በእጁ ጠረገልኝ። "አንቺ አብልተሻታል፣ አጫውተሻታል። ቤቷ ስትገባ የምታወራው ስላንቺ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

ቦዬውን ተሸክሜ ተመለስኩ። መቀቀል አልቻልኩም፤ ሳጥኔ ላይ እንደተቀመጠ አቆጠቆጠ። ሁለት ቅዳሜ ዲምቱ ገበያ ድረስ ሄጃለሁ። ቆላ ነው፣ አቧራው ከከብቱ ኮቴ ይነሳል። ሕፃን ያዘለች ትንሽ ልጅ ባየሁ ቁጥር ከፊቷ ዞሬ አያለሁ፤ ሕፃን ያዘለች ትንሽ ልጅ ደግሞ ሞልታለች። ዘነበችን አላገኘኋትም። በዓመቱ መጨረሻ ዝውውር ጠይቄ ወደ ሶዶ ተመለስኩ። አክስቷ ከባሏ ጋር ወደ ሐዋሳ ሄደች ሲባል ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬዋ የለም።

ያ ደብተር አሁንም አለኝ። የወጣትነትን ዘመን የሚመለከተው ገጽ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ለፈተና ስለማይመጣ ጥድፊያ በጥድፊያ ነበር የገለበጥኩት። በዚህ ዕድሜ ሰው ወዳጅ ይፈልጋል፣ ካጣ ብቸኝነት ይጎዳዋል ይላል። የልጅቷን ዕድገት ስለካ የራሴ ገጽ እዚያው ነበር። ከሱ ቀጥሎ ያለው የእርጅና ነው፤ ሰው ቁጭ ብሎ ወደ ኋላ የሚያይበት ዘመን ይለዋል። ጡረታ ለመውጣት ገና ዓመታት ቀርተውኛል፣ ግን ማየቱን ከጀመርኩ ቆየሁ። ብዙ ልጆች አስተምሬያለሁ፣ ከእሷ በኋላ በጆሮ ምክንያት የመለስኩት ልጅ የለም፤ ዳይሬክተሮች ሁሉ "ብርዛፍ ከመዘገበች ክፍሉ ሞላ" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እሷን ግን አይመልስልኝም። ከሁሉ የሚከብደኝ አቶ ዳና እንደዋሸሁ አለማወቁ አይደለም። እሷ ማወቋ ነው። ሰው ሕፃንም ቢሆን የገዛ ጆሮው ሲነካ ያውቃል።

ሶሊያና ከግቢ እየሮጠች ገባች። "ነካ! እቴቴ፣ ነካ!" አንገቷን ወደ ግራ ሰብራ፣ ጆሮዋን ወደ ጣቷ አምጥታዋለች። ማታለሏን አየሁ።

"ነክቷል" አልኳት። "ጎበዝ።"

"አሁን ደግሞ አንቺ።"

እጄን አነሳሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩበት ትከሻ አናቴ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። ጥርሴን ነክሼ ገፋሁት፣ ከፀጉሬ መሐል አላለፈም። ሶሊያና በእግር ጣቷ ቆማ፣ ዓይኗን አጥብባ፣ ጣቴንና ጆሮዬን አስተያየች። እኔው ያስተማርኳትን ቃል አልረሳችም።

"አልነካም" አለች። "ለከርሞ ነይ።"

እናቷ ደንግጣ "አንቺ! ነውር አይደለም?" ብላ ተቆጣቻት።

"ተያት" አልኩ። "ልክ ናት።" እጄን ግን ቶሎ አላወረድኩም።