ጫጩት አልቆጥርም ያለች ልጅ

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ደብረ ታቦር ውስጥ የሰው ልጅ ሁሉ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት እንደሆነ እንዲያውቅ ስለፋ የኖርኩ ሴት፣ የገዛ ልጄ በአራት ዓመት ተኩሏ ሰባት ጫጩት መቁጠር አቅቷት መግቢያ ፈተና ወደቀች። ምን ተሰማሽ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ተናደድኩ፤ ሌላ ምን ይሰማኛል?

ያኔ ከተማችን ውስጥ ደህና የሚባል አጸደ ሕፃናት አንድ ለእናቱ ነበር። ፈታኟ ወጣት አስተማሪ ናት። ዶሮ ጫጩቶቿን አስከትላ የምትሄድበትን ሥዕል ዘርግታ «ጫጩቶቹ ስንት ናቸው?» አለቻት። ልጄ ሥዕሉን አየች፣ እኔን አየች፣ ከንፈሯን ገጠመች። «እሺ፣ ቤታችሁ ውስጥስ ስንት ሰው አለ?» አሁንም ዝም። አስተማሪዋ ወደ እኔ ዞራ «ለቁጥር ገና ናት፤ ለከርሞ ትምጣ» አለችኝ። ለከርሞ! ብለምናት ብለምናት በመከራ የአንድ ሳምንት ጊዜ ሰጠችኝ።

እቤት እንደገባን የለስላሳ ቆርኪ አምጥቼ ወለሉ ላይ በተንኩላት። «ሰባት» አለች። ጥቂቱን በእጄ ብሸፍንባት የቀረውን አይታ «እጅሽ ሥር ሦስት አለ» አለችኝ፤ ሳትነካ፣ ጣቷን እንኳ ሳትቀስር። የጎረቤታችን ልጅ እስከ ሃምሳ እንደ መዝሙር ያወርደዋል፤ ሦስት ድንች አምጣ ሲሉት ግን እቅፉ የቻለውን ያህል ተሸክሞ ይመጣል። እሱ ቁጠር ሲሉት ስላወረደው አልፏል። የቁጥርን ስም መደርደር ሌላ፣ ብዛትን ማወቅ ሌላ መሆኑን ለሰው ሳስረዳ አፌ ደርቋል፤ የሚሰማኝ የለም እንጂ።

«ታዲያ ጫጩቶቹን ለምን አልቆጠርሽም?» አልኳት።

«አባባ የሚተነፍስ አይቆጠርም ብለዋል።»

አባባ የምትላቸው አማቴን፣ የባለቤቴን አባት ነው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ጋፋት አጠገብ ያለውን ቤታቸውን ዘግተው ከእኛ ጋር ይኖራሉ፤ እኔ ክፍል ስገባ ልጄን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። ሰውም ከብትም ከተቆጠረ ዓይን ያርፍበታል፣ ይጎድላል ይባላል። ገጠር ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ልጄን ፈተና ይጥልብኛል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም።

«አባቴ፣ ልጅቱ የወደቀችው በአንቱ ነው!» አልኳቸው።

«ምን አረግሁ እኔ?»

«አትቁጠሪ ብለዋታል!»

«ኧረ ይቆጠራል ወይ? አንቺስ ብትሆኝ ልጅሽን እንደ ድንች ትቆጥሪያለሽ?»

«ሥዕል እኮ ነው!»

«ሥዕል ነው? እሱ ሌላ ነው። ሥዕልማ መች ይተነፍሳል፤ ትቁጠረው።»

«ሰውስ? ቤታችሁ ስንት ሰው አለ ይሏታል።»

እዚህ ላይ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ደጅ ወጡ።

ሳምንቱን ሙሉ ተጨቃጨቅን። ሳይቆጥሩ መጉደል አለመጉደሉ በምን ይታወቃል ብዬ አንድ ቀን ከግቢያችን ጫጩቶች አንዷን ጓዳ ውስጥ ቅርጫት ደፋሁባት። ሁሉም አንድ ዓይነት ቢጫ ናቸው። ልጄ ከበር ብቅ እንዳለች «አንድ የለም» አለች። ስንት ነበሩ ብላት፣ ዝም። አማቴ ፈገግ አሉ። ጸጉሬን ልነጭ ምንም አልቀረኝም። ልጅቱ ብዛቱን በዓይኗ ታየዋለች፣ ፈተናው ስሙን ካልጠራሽ ይላታል፣ አያቷ ስሙን እንዳትጠሪ ይሏታል። ማን ላይ እንደምጮህ ግራ ገባኝ።

በፈተናው ዕለት ጠዋት ጫማዋን ሳስርላት አማቴ መጡና ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አሉ።

«ሰው ቁጠሪ ካሉሽ እኔን ቁጠሪኝ» አሏት። «እኔ አርጅቻለሁ። ዓይን ቢያርፍብኝም ግድ የለም።»

እኔ ረፍዶብኝ ነበር። «እሺ፣ እሺ» ብዬ እጇን ጎትቼ ወጣሁ።

ሥዕሉ ተዘረጋ። አስተማሪዋ ጥያቄዋን ሳትጨርስ «ሰባት» አለች ልጄ።

«ጎበዝ! ቤታችሁስ ስንት ሰው አለ?»

«አንድ።»

አራት ነን። ግንባሬን ይዤ ቁጭ አልኩ።

«አንድ ብቻ? ማን?»

«አባባ።»

«እናትሽስ?»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝና ከንፈሯን ገጠመች።

እየተንተባተብኩ ነገሩን ለአስተማሪዋ አስረዳኋት። አላመነችኝም መሰለኝ። ጠመኔ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ በተነችላት፣ ቀነሰች፣ ጨመረች፣ ደጋግማ ጠየቀቻት። አንዱንም አልሳተችም። በመጨረሻ እያጉረመረመች ስሟን መዝገቡ ላይ አሰፈረችው።

አማቴ በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር።

«ገባች?»

«ገባች።»

«ሰው ቆጠረች?»

«ቆጠረች» አልኳቸው፣ ንዴቴ ገና ሳይበርድ። «አንቱን ብቻ።»

«አንቺን አልነካችም?»

«አልነካችኝም።»

«አባቷንስ?»

«እሱንም።»

«እሰይ፣ እንዲያ ይሻላል» አሉና አማተቡ።

ሳምንቱን ሙሉ የጮህኩባቸው ሰው ናቸው። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።