አራቱ ሳጥኖች

የተያዝኩት ደሴ፣ ከምሠራበት የኢንተርኔት ቤት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። የጀመርኩትን ሻይ እንኳ አላስጨረሱኝም። ያሰሩኝ ክፍል ጠባብ ነበር፤ እስከ ወገብ አረንጓዴ ተቀብቷል፣ ከዚያ በላይ ያለውን ቀለም እርጥበት ልጦታል። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ፎጣ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ሆጤ ሰፈር ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ለምን እንደገቡ አልጠየቅኋቸውም።

“አብሽር” አሉኝ። “የሚከብደው የመጀመሪያው ቀን ነው።”

በሦስተኛው ቀን መርማሪው ጠርቶ አንድ ወረቀት አሳየኝ። ድረ ገጽ መሥራትን ብቻዬን እየሞካከርኩ ነው የተማርኩት። ወረቀቱ በገጼ ላይ ያወጣሁት ግጥም ነበር፤ ከቢሮው ኮምፒውተር የታተመ። አንድም ፊደል አይታይበትም። ከላይ እስከ ታች ባዶ ትንንሽ ሳጥኖች ብቻ።

“ይህን የምስጢር ጽሑፍ የምትልከው ለማን ነው?”

“አማርኛ እኮ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ፊደሉ ስላልተጫነ፣ ብሮውዘሩ በእያንዳንዱ ፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን አስቀመጠ። ይፍቀዱልኝና ልጫነው።”

“ኮምፒውተራችንን ልትነካ? ብልጥ!” ወረቀቱን ወረወረልኝ። “በእጅህ ሙላው። አሥር ሰዓት ላይ እቆጥረዋለሁ። አንድ ሳጥን ቢተርፍ አዲስ አበባ ያነቡልሃል።”

አዲስ አበባ የተወሰደ ቶሎ እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ወደ ክፍላችን ተመልሼ መሙላት ጀመርኩ። ግጥሙ ወደ ኮምቦልቻ ስለሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ሦስቱ ስንኞች ልክ ገቡ፤ የቃላቱ ክፍተትም አራት ነጥቡም አልተዛነፈም። አራተኛው “ደሴን የያዛት ፍርሃት ነው” ይላል። እዚያ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። “ብርድ” ብዬ ልጽፍ አሰብኩ። ብርዱም እውነት ነው፤ በብርድ ማን ይከሰሳል? የቃሉን ሳጥኖች በጣቴ ቆጠርኩ። አራት ናቸው። ብርድ ሦስት ነው።

“ምን ነካህ?” አሉ ሽማግሌው። ነገርኳቸው።

“ውርጭ በለው።”

“እሱም ሦስት ነው፣ ጋሼ።”

“ቁር ብትለውስ?”

“ሁለት።”

ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። “ወላሂ፣ ይህ ሳጥን ሌላ አይቀበልም! በል ያልከውን ጻፍ።”

ጻፍኩ። ከሥሩ ደግሞ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ሙሉ ስሜን አሰፈርኩ።

አሥር ሰዓት ላይ መርማሪው አስጠርቶኝ ሳጥኖቹን በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካ ቆጠረ። አራተኛው ስንኝ ላይ ቆመ።

“ማን ነው የፈራው?”

“እኔ።”

ቀና ብሎ አየኝና መቁጠሩን ቀጠለ። ሲጨርስ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

“ግጥም ነው” አለ፣ ቅር እንዳለው። “ለዚህ ነው ሦስት ቀን ያደከምከን? ዕቃህን ያዝና ውጣ።”

ዕቃዬን ልወስድ ስመለስ ሽማግሌው ፊቴን አይተው አወቁ።

“ልክ መጣ፣ ጋሼ።”

“አልሐምዱሊላህ! ፍርሃት አስፈታህ በለኛ።”

ሹራቤን ትቼላቸው ወጣሁ። ጉሙ በሩ ድረስ ወርዶ ነበር። በረጅሙ ተነፈስኩ።

ዛሬም ድረ ገጽ እሠራለሁ። አሁን ፊደሉን ከገጹ ጋር አብሮ መላክ ይቻላል፤ የትም ቢከፈት ይነበባል። እኔ ግን አዲስ ገጽ ባወጣሁ ቁጥር ኮምቦልቻ እወርድና በአንድ ጓደኛዬ፣ ፊደሉ ባልተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር እከፍተዋለሁ። ሻይ ያቀርብልኛል። ፊደሎቹ ሲወጡ አያለሁ፤ ከዚያ ሻዬን እስከ መጨረሻው እጠጣለሁ።