በመነን ጆሮ ያልፈሰሰ የለም

ካርቲየ ሰባት በሚባለው የወደብ ከተማ ሰፈር ውስጥ ሰው ሳይጠየቅ ይመክራል፣ እግዜር ይይለትና። ፀዳልንም ያንገሸገሻት ይኸው ነው። ወደብ ላይ ለአንድ ዕቃ አስተላላፊ ሰነድ ስታመላልስ ትውላለች፤ ባሏ ጌቾ አዲሱ ባቡር ሳይመጣ በፊት የአዲስ አበባ መንገድ ከባድ መኪና ነጂ ነበር። ልጃቸው መነን ሦስት ዓመት ሞልቷት የእናቷን ድምፅ ሰምታ አታውቅም።

የጌቾ እናት እማማ አሰገደች ምክንያቱን ከማንም ቀድመው አውቀውታል፦ ፀዳል እርጉዝ ሆና በቀትር፣ በዚያ በረሃ፣ በባሏ መኪና ስለሄደች ጋኔን ለክፏታል። መድኃኒቱም ከእሳቸው አይጠፋም። በነጭ ሽንኩርት የፈላ ዘይት፣ የግመል ሽንት፣ ስሙን የማይናገሩት የሥራ ሥር ጭማቂ፤ በዚያች ሚጢጢ ጆሮ ያልፈሰሰ ምን አለ? የልጅቱን እጅ ጥርቅም አድርጋ የምትይዘው ደግሞ ራሷ ፀዳል ነበረች። በዚያ ሙቀት ጆሮዋ መግል ቋጠረ፤ ዝንብ ወረራት። ፀዳል የገማውን ትራስ ስታጥብ የሚያስጠላት መግሉ ይሁን የገዛ እጇ አታውቀውም።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ዶክተር ሂንድ መግሉን ጠርጋ፣ የጭንቅላቷን ምስል እያሳየች በፈረንሳይኛ አስረዳቻት። ፅንሱ ገና የጥቂት ሳምንት ሳለ ሕዋሶች ረቂቅ ኬሚካል እየላኩ ይነጋገራሉ፤ «አንተ ጆሮ ሁን፣ አንተ ተጠምዘዝ» ይባባላሉ። መነን ላይ አንዱ መልእክት አልደረሰም፤ የውስጥ ጆሮዋ ሳይጠመዘዝ ቀረ። ቀትርም በረሃም የሉበትም። ይህ ለፀዳል ወዲያው ገባት፤ ወደብ ላይም የመልቀቂያው ወረቀት ካልደረሰ ኮንቴይነሩ ንቅንቅ አይልም። ያ ሁሉ ያፈሰስነውስ ብላ ጠየቀች።

«እዚያ አይደርስም» አለች ሐኪሟ። «አንዴ ከደገማችሁት ግን መግሉ ወደ አንጎሏ ይዘልቃል። ትሞትባችኋለች።»

በነጋታው እማማ አሰገደች አዲስ ጠርሙስ ይዘው መጡ። ፀዳል የሰማችውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ሳቁባት፤ ልጅቱን ያዢልኝ አሉ። መነን ጠርሙሱን ስታይ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ፀዳል ጠርሙሱን ከእጃቸው ተቀብላ ከፈተችው፤ ሽታው አናቷ ላይ ወጣ።

«እሺ እማማ፤ መጀመሪያ የእርስዎ ጆሮ ላይ ጠብ ላድርገው። ጋደም ይበሉ።»

አሮጊቷ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ከደኑ።

«ምን ነካሽ? እኔን ልታደነቁሪኝ ነው?»

ፀዳል ወጥታ ጠርሙሱን ደጅ ካለው ቦይ ውስጥ ደፋችው፤ አማቷም አልከለከሏትም።