የዙሀራ አፍንጫ

አያልነሽ ከመምህር ባሏ ከቸርነት ጋር ከምንጃር ተነሥታ መቐለ የገባችው በ1985 ዓ.ም. ነው። ቸርነት ልጅ ሳያስቀርላት ሞተ፤ ጎረቤቱ ግን ብቻዋን አልተዋትም። ክርስትና ሲነሣ፣ ማኅበር ሲደርስ፣ ለፋሲካም ቢሆን፣ “ኣደይ አያልነሽ ትጠራ” ይባላል፤ “ኣደይ” በትግርኛ “እናቴ” ነው። የእሷ ዶሮ ወጥ ያልቀረበበት ድግስ በዚያ ሰፈር ድግስ አይባልም ነበር። ከዚህ ጥሪ በቀር ሌላ ዘመድ አልነበራትም።

በ2008 ዓ.ም. ወር ሙሉ የጣላት ጉንፋን ሲለቃት ማሽተቷን ይዞባት ሄደ። ዓይደር ሆስፒታል ሄዳ ታየች፤ “ላይመለስ ይችላል” አሏት። ምላሷ ጨውና በርበሬ ይለያል፤ ሌላው ሁሉ ጠፋ። ይህን የምታውቀው አንዲት የወሎ ሴት ብቻ ነበረች፤ ቅመም ነጋዴዋ ጎረቤቷ ዙሀራ።

የፋሲካ ዶሮ የሚሠራው ቅዳሜ፣ ጾሙ ሳይፈታ ነው። ሠሪዋ አትቀምስም፤ የምትዳኘው በመዓዛው ነው። ስለዚህ ዙሀራ በርጩማዋን ይዛ ማድ ቤቱ በር ላይ ትቀመጣለች።

“አሁን ሽንኩርቱ ውሃውን ጨረሰ። በርበሬውን ጨምሪበት።”

“ቅቤውስ?”

“ቆይ እንጂ፣ ምን አስቸኮለሽ! የእናንተን ዶሮ ቀምሼ አላውቅም፤ በአፍንጫዬ ግን ይኸው ስንት ፋሲካ ፈሰክሁ!”

በ2011 መጋቢት የዙሀራ ልጅ ይማም ከደሴ መጣና፣ “ጊዜው አላማረኝም” ብሎ ዕቃዋን ጫነ። ዙሀራ አያልነሽን አንገቷን አቅፋ፣ “ንገሪያቸው። አፍንጫ ማጣት ነውር ነው እንዴ?” አለቻት።

“ብነግራቸው ማን ይጠራኛል?”

ያን ዓመት ጎረቤቶቿ ሓድጉና ሚስቱ ለተብርሃን ሴት ልጃቸውን ድረው ስለነበር፣ አዲሶቹ አማቾች ለፋሲካ ምሳ ተጠርተዋል። ስድስት ዶሮ ለአያልነሽ ላኩላት። ቅዳሜ ቤቷን ዘግታ ብቻዋን ስትሠራ ዋለች። የቧንቧው ውሃ ከጠፋ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ የቀራት አንድ ጀሪካን ነው። ጀሪካኑ ቀድሞ ላምባ ይገዛበት የነበረ ነው፤ በሳሙና አሽታ፣ በአመድ ፈትጋ አጥባዋለች። ወጡን ልታቀጥን ስትል በልማድ አፍንጫዋን የጀሪካኑ አፍ ላይ አስጠጋች። ምንም አልሸተታትም። ደስ አላትና ቀዳችበት።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ጉርሻ ፈሰከችበት። ጨዉ ልክ ነው። ድስቱን ላከችና ነጠላዋን ለብሳ ተከተለች።

ምሳ ቀረበ። የሙሽራው አክስት አንድ ጉርሻ ጎረሰችና ሁለተኛውን ጠቅልላ ያዘችው፤ እጇ ከአፏ ሳይደርስ ተመለሰ። ሌሎቹም ወጡን ወደ ዳር ገፉት፤ ጠላውን አከታተሉት። ሓድጉ ብቻ እንቁላሉን ለሁለት ከፍሎ በላና፣ “ጥዑም እዩ፣ ኣደይ” ብሎ ወጡን አሞገሰላት። ዓይኑን ግን ከመሶቡ አላነሣም።

ለተብርሃን ወደ ማድ ቤት ጠራቻት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ኣደይ፣ ላምባ ላምባ ይላል። አልሸተተዎትም?” አለቻት።

አያልነሽ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ሦስት ዓመቴ።”

ለተብርሃን አቀፈቻት፤ አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም። ከዚያ ፊቷን አብሳ ወጣችና ለእንግዶቹ የበግ ጥብስ አስቀረበች።

በሚቀጥለው ዓመት፣ የልጃቸው የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ሲነሣ፣ ሓድጉ ራሱ እስከ ቤቷ ድረስ መጣ።

“ኣደይ፣ ዘንድሮ አይደክሙም። የክብር እንግዳችን ነዎት።”

“እሺ ልጄ” አለችው።

ትልቁን ወንበር ሰጧት፤ እጇን ከሁሉ ቀድመው አስታጠቧት። ወጡን የሠራችው የሓድጉ ልጅ ጨልፋ አወጣችላትና አጠገቧ ቆማ ጠበቀች።

“እንዴት ነው፣ ኣደይ?”

አያልነሽ ጎረሰች። ጨው አለው፤ በርበሬው ያቃጥላል። ሌላ ምንም የለም። ሳህኑን አየችው።

“ቀለሙ አምሯል” አለች።